ከባሕር በታች የሄደው «አሳማ»

እህል ወይም በርበሬ ይዘን መርካቶ የምንገባ ብዙ ነን። «መርካቶ» በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ስሙ የቀረልን ጣሊያን አገራችንን ከወረረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሰፈር ወሰዱት። ከዚያው ወረራ ጋር የተወለደ ሌላ ነገርም አለ። እስቲ እሱን እንመልከት።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር ከእንግሊዝ ጋር ተጣላ። እንግሊዝ በሜዲትራኒያን ባሕር ብዙ ታላላቅ የጦር መርከቦች ነበሯት። ጣሊያኖች «ጦርነት ቢነሣ በምን እንቋቋማቸዋለን?» ብለው ሰጉ። ቴሴዮ ቴሴይና ኤልዮስ ቶስኪ የሚባሉ ሁለት የባሕር ኃይል መኮንኖች መላ አመጡ።

ምናለሽ ተራን ያየ ሰው መላው ቶሎ ይገባዋል። እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። መኮንኖቹም ቶርፔዶን፣ ማለት በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታውን መሣሪያ፣ ሰው የሚጋልበው አደረጉት። ርዝመቱ 7 ሜትር ወይም 14 ክንድ ገደማ ነው። ሁለት ጠላቂዎች በበቅሎ እንደሚቀመጡ ፊትና ኋላ ይቀመጡበታል። በባትሪ ስለሚሄድ ጭስ የለውም። ፍጥነቱ ከእግረኛ እምብዛም አይበልጥም። ጠላቂዎቹ የሚተነፍሱት በመሣሪያ ነው፤ አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ አያጋልጣቸውም። ከፊቱ 3 ኩንታል የሚደርስ ፈንጂ አለው። ፈንጂውን ፈትተው ከመርከብ ሆድ ሥር ይተዉታል። ለመንዳት ስላስቸገረ «አሳማ» አሉት።

አገራችን ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላ ስድስት ጣሊያኖች በሦስት «አሳማ» ግብፅ፣ እስክንድርያ ወደብ በሌሊት ገቡ። ሁለቱ ተይዘው ቫልያንት በሚባለው የእንግሊዝ መርከብ ውስጥ ታሰሩ። አንደኛው ፍንዳታው ሲቃረብ መርከቡ ሊፈነዳ መሆኑን ለአዛዡ ነገረው፤ ፈንጂው የት እንዳለ ግን አልተናገረም። ታኅሣሥ 10 ቀን 1934 ዓ.ም. ንጋት ላይ ቫልያንትና ኩዊን ኤልሳቤጥ የተባሉት ታላላቅ መርከቦች ተመቱ። ለብዙ ወራትም ከሥራ ውጭ ሆኑ። ስድስቱም ጣሊያኖች ተማረኩ።

እንግዲህ ምን እንማራለን? የአንድ አገር መወረር በዚያው አገር ብቻ አይቀርም። እኛ ላይ የተለኮሰው እሳት ሩቅ ባሕር ደረሰ። ደግሞም ላዩን ብቻ የሚጠብቅ፣ ግዙፍም ቢሆን፣ ከሥር ይመታል።

ጥያቄዎች
1. «መርካቶ» ማለት ምን ማለት ነው?
2. መኮንኖቹ መሣሪያውን ለመሥራት ለምን አሰቡ?
3. እናንተስ ከሥሩ ሳትጠብቁት የተጎዳባችሁ ነገር አለ? ተወያዩበት።