ገዢው ጥቂት ለሆነ ዕቃ የኅትመቱ ልክ

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጥ በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ የሚባል ዕቃ አለ። በሣጥኑ ውስጥ የጦር ሜዳ ካርታ፥ የጦር ክፍሎችን የሚያመለክቱ በመቶ የሚቆጠሩ የካርቶን ቁራጮችና ረዘም ያለ የደንብ መጽሐፍ ይገኛሉ። አንዱን ጨዋታ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት፥ አንዳንዴም ብዙ ቀን ስለሚፈጅ ወዳጆቹ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የአሳታሚው ጭንቀት ስንት ይታተም የሚለው ነው።

የሥዕሉ፥ የካርቶን መቁረጫውና የማተሚያው ዝግጅት ወጪ 500 ቢታተም 2,000 ቢታተም ያው ነው። ለምሳሌ ያህል ይህ ወጪ 20,000 ዶላር፥ የአንዱ ሣጥን ወረቀትና ሥራ 12 ዶላር፥ የችርቻሮ ዋጋውም 60 ዶላር ነው እንበል። 500 የታተመ እንደ ሆነ አንዱ ሣጥን 52 ዶላር፥ 2,000 የታተመ እንደ ሆነ ግን 22 ዶላር ይፈጃል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ማተም ብልኅነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙውን የሚያነሣው የጅምላ አከፋፋይ ነው፤ እርሱም ከችርቻሮው ዋጋ 40 በመቶውን ቢከፍል ለአሳታሚው የሚደርሰው 24 ዶላር ብቻ ነው። እንግዲህ 2,000ው ሁሉ ተሽጦ የሚተርፈው 4,000 ዶላር ሲሆን፥ 500ውን በሙሉ ዋጋ በቀጥታ ለተጫዋቾች የሸጠም የሚያተርፈው ያንኑ 4,000 ዶላር ነው። ከ2,000ው ውስጥ 200 ሣጥን በመጋዘን የቀረበት ግን 800 ዶላር ይከስራል።

ቻርልስ ሮበርትስ የተባለው አሜሪካዊ ከ1954 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ «ታክቲክስ» የተባለውን ጨዋታ በፖስታ ሲሸጥ 2,000 ያህል ሄደለት፤ ሒሳቡ ሲታይ ልዩነቱ፥ ትርፍም ይሁን ኪሳራ፥ 30 ዶላር ገደማ ነበር። በ1958 አቫሎን ሂል የተባለውን ኩባንያ በባልቲሞር አቋቋመ። ጨዋታዎቹ ስም ቢያወጡም ዕዳው ስለ በረታ ኩባንያው በ1963 መጨረሻ በአበዳሪዎቹ እጅ ገባ፤ ከነዚህም አንዱ የራሱ አታሚ ነበር።

በኒው ዮርክ የነበረው ኤስ ፒ አይ በበኩሉ ለመጽሔቱ ደንበኞች በየእትሙ አንድ ጨዋታ እየላከ፥ ወደፊት ምን እንዲታተም እንደሚሹም በካርድ ይጠይቃቸው ነበር። ፍላጎትን አስቀድሞ ለማወቅ ይህን የመሰለ ዘዴ አልነበረም። ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈለ የደንበኝነት ገንዘብ ዕቃው እስኪሰጥ ድረስ ዕዳ ነው፤ በ1982 ንብረቱን የወሰደው ኩባንያ ይህን ዕዳ አልቀበልም በማለቱ ከፋዮቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

በ1990 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ጂ ኤም ቲ ሁለቱንም አደጋ የሚያቃልል መንገድ አገኘ። የጨዋታውን ዝርዝር አስቀድሞ ያስታውቃል፤ 500 ያህል ትእዛዝ ሳይሰበሰብ ወደ ማተሚያ ቤት አይልክም። ቀድሞ ላዘዘ ዋጋ ይቀንሳል፤ ገንዘቡን ግን ሥራው እስኪቃረብ አይቀበልም። በቅናሹ ምክንያት ከላይ የተገመተው ትርፍ መሳሳቱ አይቀርም፤ ቢሆንም በመጋዘን አቧራ ከሚጠጣ ሣጥን ይሻላል። ባለሱቁ በዚህ ቢያጉረመርም እውነት አለው፤ ዋነኞቹ ገዢዎች ዕቃው ከሱቁ ሳይደርስ አዝዘዋልና።

ትእዛዝ መሰብሰብ የገዢውን ቁጥር እንጂ የወጪውን መጠን አያስታውቅም። ብዙዎቹ አሳታሚዎች የሚያሳትሙት በቻይና ሲሆን፥ አሜሪካ በኤፕሪል 2025 በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ቀረጥ እስከ 145 በመቶ ደርሶ ነበር። በወሩ ቢቀነስም፥ ዋጋውን ከዚያ በፊት ለደንበኞቹ ያስታወቀ አሳታሚ ወይ ቀረጡን ከትርፉ መክፈል፥ ወይ ላዘዙት ሁሉ ስለ አዲስ ዋጋ መጻፍ ነበረበት።