የጫካ ሐረግና የሳሎን ወንበር፤ ስለ ፊሊፒንስ የቤት ዕቃ ጥበብ

ስለ ወንበር መጻፍ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይመጥን መስሎ የሚታየው ጓደኛ አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ከአገሩ ዛፍ፣ ከአገሩ ሐረግና ከአገሩ ልጥ የሠራውን የቤት ዕቃ ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ የዚያን አገር የአየር ጠባይ፣ የጌታና የጭሰኛ ታሪኩን፣ የንግዱንም ውጣ ውረድ አብሮ ያነባል። ለዚህ ደግሞ የፊሊፒንስን ያህል ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አገር ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከታተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ወንበሩ ሲሸጥ የእጁ ዋጋ ለማን፣ የሐሳቡስ ዋጋ ለማን ይደርሳል የሚል ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ራታን ስለሚባለው ተክል እንናገር። ብዙ ሰው ራታንን ከቀርቀሃ ጋር ያምታታዋል። ቀርቀሃ የሣር ወገን ሲሆን ውስጡ ክፍት ነው። ራታን ግን የዘንባባ ወገን ሲሆን ግንዱ ድፍን ነው፤ እንደ ሐረግም ስለሚያድግ ብቻውን መቆም አይሆንለትም። በእሾሁና እንደ መንጠቆ በተቆለመሙት ጅራፎቹ የጎረቤቱን ዛፍ እየያዘ ወደ ብርሃን ይወጣል። ርዝመቱ ከ100 ሜትር የሚያልፍም አለ። በታጋሎግ ቋንቋ ያንቶክ ይሉታል፤ አርኒስ በተባለው የአገሩ የዱላ ፍልሚያ የሚያዘውም በትር ከዚሁ የሚቆረጥ ነው። ብዙ ዓይነት ሲኖረው፣ ፓላሳን የሚሉት ወፍራሙ ለወንበሩ አጥንት፣ ሲካ የሚሉት ቀጭኑ ደግሞ ለመጎንጎኛ ይመረጣል።

ቆራጩ ከሥሩ ከቆረጠው በኋላ ከዛፎቹ አናት ላይ ጎትቶ ማውረድ አለበት። ይህ የጉልበትና የእሾህ ሥራ ነው፤ ጫፉም ብዙ ጊዜ ተጠላልፎ እዚያው ላይ ይቀራል። ከወረደም በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ቶሎ ካልደረቀ ሻጋታ ያጠቁረዋል፤ ነቀዝም ይገባበታል። ስለዚህ ወፍራሙን በዘይት ይቀቅሉታል፤ ዘይቱም በውስጡ ያለውን ውኃና ሰም ያስወጣለታል። ቆይቶ ከአናጢው እጅ ሲገባ በእንፋሎት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይለዝባል፤ በመልኩ ላይ ታጥፎ ሲቀዘቅዝም የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ድፍን መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነው ቀርቀሃ እንዲህ በቀላሉ ልጠፈው ቢሉት ይጨፈለቃል። የራታኑ ቆዳ ደግሞ ተሰንጥቆ ልጥ ይሆንና መገጣጠሚያው ሁሉ በእርሱ ይታሰራል። እንግዲህ ከአንዱ ሐረግ አጥንቱም፣ ጅማቱም፣ ቆዳውም ተገኘ ማለት ነው።

በስጳኝ ዘመን፣ ማለት ከ1565 እስከ 1898 በነበረው ጊዜ፣ ባለ ርስቶቹ ናራ ከሚባለው ጠንካራ ቀይ እንጨት ትልልቅ ወንበሮች ያሠሩ ነበር። ቅርጹ ከአውሮፓ የመጣ ነው። ዳሩ ግን አውሮፓዊው በጨርቅና በጥጥ የሚሞላውን መቀመጫ፣ ፊሊፒናዊው አናጢ በተሰነጠቀ ራታን ጎነጎነው። ይህን ጉንጉን ሶሊሂያ ይሉታል፤ ባለ ስምንት ማዕዘን ቀዳዳዎች ስላሉት ነፋስ ያሳልፋል። ሙቀትና እርጥበት በማይለይበት አገር በጥጥ ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ገምቱት። ለውበት የተሠራ የሚመስለው ጉንጉን በመሠረቱ የአየር ጠባይ መልስ ነው። የእኛም ጠፍር አልጋ በዚህ ረገድ የሩቅ ዘመዱ ሊባል ይችላል።

ከዚያ ዘመን ዕቃዎች ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ጋሊኔራ የሚባለው አግዳሚ ወንበር ነው። ስሙ ዶሮ ከሚለው የስጳኝ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ከመቀመጫው በታች በፍርግርግ የታጠረ የዶሮ ቆጥ አለው። ጭሰኛው ለባለ ርስቱ የሚያቀርበውን ዶሮ ይዞ ሲመጣ ዶሮው ከታች ይገባል፤ ሰውየው ደግሞ ጌታው እስኪወጣ ከላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ገጽ ከሚያትት መጽሐፍ ይልቅ ይህ አንድ ወንበር ነገሩን በአጭሩ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

አሜሪካኖች አገሪቱን ከያዙ በኋላ ደግሞ ሌላ ወንበር ዝነኛ ሆነ። ጀርባው እንደ ጣዎስ ጅራት ሰፊ ሆኖ የተዘረጋው የራታን ወንበር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በማኒላ ቢሊቢድ ወህኒ ቤት እስረኞች እየሠሩት ለጎብኚዎች ይሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግሮ በፎቶግራፍ ቤቶችና በሀብታሞች በረንዳ ላይ ይታይ ጀመር። በ1967 የጥቁር ፓንተር ፓርቲ መሪ ሁዌይ ኒውተን በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ በዚህ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ከእስረኛ እጅ የወጣው የወንበር ዓይነት የነፃነት ጥያቄ ዙፋን ሆነ። የእነዚያ እስረኞች ስም ግን በወንበሩ ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ ሴቡ የተባለችው ደሴት የቤት ዕቃ ወደ ውጭ የሚላክባት ዋና ስፍራ እየሆነች ሄደች። ነገር ግን ብዙዎቹ ወርክሾፖች የሚሠሩት የውጭ አገር ገዢ በላከላቸው ሥዕል ነበር። እጁ የሴቡ ነው፤ ሐሳቡ የሌላ አገር ነው። እንዲህ ባለ ንግድ ውስጥ ገዢው ርካሽ እጅ ባገኘ ጊዜ ሥዕሉን ጠቅልሎ ወደ ሌላ አገር ከመሄድ የሚያግደው ነገር የለም።

ከዚህ መንገድ ፈቀቅ ካሉት አንዷ ወይዘሮ ቤቲ ኮቦንፕዌ ናቸው። በ1972 በሴቡ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው፣ ራታንን እየደራረቡ በማጣበቅ የሚሠራበትን አዲስ ዘዴ አወጡ። ልጃቸው ኬኔት በኒውዮርክ ፕራት ኢንስቲትዩት የኢንዱስትሪ ዲዛይን ተምሮ በ1996 ወደ ሴቡ ተመለሰና ሥራውን ያዘ። ኬኔት ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ከውስጥ ቀጭን የብረት አጥንት አቆመ፤ በላዩም የተሰነጠቀውን ራታን ሳይጠቀጥቅ እያራራቀ እንዲጎነጎን አደረገ። ይን ኤንድ ያንግ የተባለው ወንበሩ በዚህ አኳኋን የተሠራ ነው፤ ከወዲያ ያለው ብርሃን በወንበሩ ውስጥ አልፎ ይታያል። ዮዳ በተባለው ደግሞ ጀርባው ላይ ያሉትን ዘንጎች ጫፋቸውን ሳያስር እንደ ረጅም ሣር ቆመው እንዲቀሩ ተዋቸው፤ ሰው ሲደገፍባቸው ይለምጣሉ። እዚህ ላይ ቅርጹ ከውጭ የተጫነ አይደለም፤ ራታን ምን ማድረግ እንደሚችል ከሚያውቅ እጅ የወጣ ነው። በ2011 ከቀርቀሃና ከራታን የተጎነጎነ መኪናም ሠርቶ አሳይቷል። መኪናው ለኤግዚቢሽን ደስ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ከወንበሮቹ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁበትም።

በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ከራታን ቀጥሎ የሚታየው አባካ ነው። አባካ ለእኛ እንግዳ መሆን አይገባውም፤ ከሙዝና ከእንሰት ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ተክል ነውና። በጉራጌና በሲዳማ እናቶች እንሰቱን ለቆጮ ሲፍቁት ቃጫው እንደሚወጣ ሁሉ፣ በፊሊፒንስም የአባካው ግንድ የሚመስለው የቅጠል እግር በቢላዋ ሥር እየተሳበ ሲፋቅ ረጅም ነጭ ቃጫ ይሰጣል። ልዩነቱ አባካ ምግብ አለመስጠቱ ነው፤ የሚተከለው ለቃጫው ብቻ ነው። የባሕር ውኃ ቶሎ ስለማያበሰብሰው የመርከብ ገመድ ሆኖ ዓለምን ዞረ። ጃፓኖች በ1942 ደሴቶቹን በያዙ ጊዜ አሜሪካኖች የገመድ እጦት ስላስጨነቃቸው በመካከለኛው አሜሪካ አባካ እስከ መትከል ደረሱ። በሴቡ ወርክሾፖች ይኸው ቃጫ ተገምዶ በወንበርና በአልጋ አጥንት ላይ ይጠመጠማል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ከጫካው ያለውን ሰው ብዘነጋ ሥራዬ ጎደሎ ይሆናል። ራታን ዛፍ ሳይደገፍ አያድግምና ዛፉ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፊሊፒንስ ከግማሽ የሚበልጠው መሬት ደን ነበር፤ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ሩብ እንኳ አልቀረም። ከዚህም የተነሣ የሴቡ ሠሪዎች ጥሬውን ራታን ከኢንዶኔዥያ ያስመጡ ጀመር። ኢንዶኔዥያም በበኩሏ ሥራው በአገሯ እንዲሠራ ብላ በ2011 መጨረሻ ጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። በእርሻ መልክ ቢተከል ቀጭኑ ዓይነት ለመቆረጥ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ከዚያም ይበልጣል። አንዳንዱ ዓይነት ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ባለ አንድ ግንዱ ግን በተቆረጠ ጊዜ ይሞታል። እሾሁን ታግሎ ራታኑን የሚያወርደው ቆራጭ በነጋዴ ብድር ተይዞ የሚሠራ ከሆነ እስኪያቆጠቁጥ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። የሴቡ ሊቃውንት የሐሳቡን ዋጋ ወደ ራሳቸው መልሰዋል። ከእርሱ ለቆራጩ ምን ያህል ወረደ የሚለው ጥያቄ ግን የወንበሩን ዕድሜ ራሱን የሚወስን ነው።

ሌላም ባላጋራ አለ። ዛሬ በየሆቴሉ ግቢ ራታን መስለው የሚታዩት ወንበሮች አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው። እውነተኛው ራታን ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ስለሚጎዳ፣ ለደጅ ወንበር የሴቡ ሠሪዎች ራሳቸው ፕላስቲኩን ይጎነጉናሉ። በፎቶግራፍ መለየት ያስቸግራል። በእጅ ግን ይለያል፤ ወንበሩን ገልብጣችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። ፕላስቲኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት፣ አንድ ቀለም ነው። የራታኑ ልጥ ግን አንዳንድ ቦታ ጠቆር፣ አንዳንድ ቦታ ሰፋ ይላል፤ በየመካከሉም ቅጠሉ የበቀለበት አንጓ ምልክቱን ትቶ ይታያል።