ዛፍ ያዳነች ጥንዚዛ

ሂፐራስፒስ ፓንተሪና የምትባለው ጥንዚዛ መጠኗ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። እንደ ሌሎች ነፍሳት ሁሉ አካሏ በራስ፣ በደረትና በሆድ ይከፈላል፤ ስድስት እግሮችም አሏት። ጀርባዋን የሸፈኑት ሁለት ጠንካራ ቅርፊቶች የፊት ክንፎቿ ናቸው። ለመብረር የሚያገለግሏት ግን ከሥራቸው ታጥፈው የሚቀመጡት ስስ የኋላ ክንፎች ናቸው። ቤተሰቧ ኮክሲኔሊዴ ይባላል። የዚህ ቤተሰብ አባላት የእግራቸው ጫፍ አራት አንጓ አለው፤ ይሁን እንጂ ሦስተኛው እጅግ ትንሽና የተደበቀ ስለ ሆነ ቸኩሎ የሚቆጥር ሰው ሦስት ነው ይላል።

ምደባው ለስም ብቻ አይደለም። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ የዱባና የሐብሐብ ቅጠል የሚያጠፉ አሉ፤ ሂፐራስፒስ ግን ተባይ በል ናት። በአትላንቲክ ውቅያኖስ በምትገኘው በቅድስት ሄለና ደሴት፣ በሌላ ስፍራ በተፈጥሮ የማይበቅለውን ገምውድ የተባለ ዛፍ ኦርቴዚያ የሚባል ጭማቂ መጣጭ ተባይ ወረረው፤ ከመቶ የሚበልጡ ዛፎችም ደረቁ። በ1993 እ.ኤ.አ. ጥንዚዛይቱ ከኬንያ ተወስዳ በዛፎቹ ላይ ተለቀቀች። ዕንቁላሏን የምትጥለው በተባዩ ጀርባ ላይ ነው፤ እጮቿም ወደ ተባዩ የዕንቁላል ከረጢት ገብተው ውስጡን ይበላሉ። በ1995 የተባዩ ብዛት በእጅጉ ቀነሰ፤ የቀሩትም ዛፎች ከመጥፋት ተረፉ።