ለሥራችን የሚበቃ ቢሮ ስንት ካሬ ሜትር ነው?

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ የነቢያት ልጆች ወደ መምህራቸው ወደ ኤልሳዕ ቀርበው መኖሪያቸው እንደ ጠበባቸው ይነግሩታል። ወደ ዮርዳኖስ ወርደው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ምሰሶ እንዲቆርጡና በዚያ መቀመጫ እንዲሠሩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የሥራቸው መጠን በእጃቸው ቁጥር የተለካ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ዛፍ ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ከውኃ ወደቀ፤ ሰውየውን ይበልጥ ያስጨነቀው ብረቱ የተዋሰው መሆኑ ነው። መምህራን ምዕራፉን አብዝተው የሚጠቅሱት ስለ ተአምሩ ነው። በልማት አገልግሎት ለተሰማራን ግን ከተአምሩ በፊት ያለውም ክፍል ትምህርት አለው፤ የጠበበውን ማስፋት ተገቢ ነው፣ በሰው ገንዘብ ማስፋት ግን የራሱ ጭንቀት አለው።

ከየሰበካው በቁጠባ ቡድንነት ተጀምረው ሕጋዊ ሰውነት ያገኙ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት አንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ይደርሳሉ። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ በጸሐፊዋ ቤት፣ ስብሰባውም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ነበር። ቢሮ ሲያስፈልግ በቅድሚያ የሚጠየቀው «የትኛው ሕንፃ?» የሚለው ነው። መቅደም የሚገባው ግን «በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ተቀምጦ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው።

አንድ የባልትና ማኅበር በምሳሌነት እንውሰድ። አባላቱ 25፣ የቢሮ ሠራተኞቹ 6 ናቸው እንበል። ከስድስቱ ሁለቱ የሽያጭ ሠራተኞች ውሏቸው በሱቆችና በሆቴሎች ስለ ሆነ ቋሚ ጠረጴዛ የሚያስፈልጋቸው አራቱ ናቸው። 120 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ፣ ወንበሩ የሚሳብበትና ሰው የሚተላለፍበት ቦታ ሲታከልበት፣ ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ያህል ይፈጃል። ለአራቱ 16፣ ሁለቱ ለሚጋሩት ጠረጴዛ 4፣ ለእንግዳ መቀበያና ለመዝገብ ቁም ሣጥን 6፣ ለሥራ አመራር ኮሚቴው መሰብሰቢያ 8 ብንይዝ ድምሩ 34 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሠራተኛ ሊጨመር ይችላልና 40 ብንለው አይበዛም። ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለሚሰበሰብበት ቀን ሲባል የዓመት ኪራይ አይከፈልም፤ ሰበካ ጉባኤው ሲፈቅድ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይበቃል። የበርበሬውና የሽሮው ማከማቻም ከቢሮው ተለይቶ፣ ኪራዩ ከሚረክስበት ከጓሮ ወይም ከመንደር ውስጥ ይሁን። የበርበሬ ብናኝ ባለበት ክፍል የሂሳብ ሠራተኛ ማስቀመጥ ያለ ኃጢአቷ ንስሐ መስጠት ነው።

ታዲያ በዋና መንገድ ዳር 80 ካሬ ሜትር «በተመጣጣኝ ዋጋ» ቢገኝስ? ለስሌት ያህል የካሬ ሜትሩ ኪራይ በወር 500 ብር ነው እንበል። 40ው 20,000 ብር፣ 80ው 40,000 ብር ይሆናል። አከራዩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶ ይታከልበታል፤ ማኅበሩ ራሱ ተመዝጋቢ ካልሆነም ያ ወጪ በእርሱ ላይ ይቀራል። የሁለቱ ልዩነት እንግዲህ በወር 23,000፣ በዓመት 276,000 ብር ነው። ማኅበሩ ከአንድ ኪሎ በርበሬ 60 ብር የሚያተርፍ ቢሆን፣ ባዶውን ወለል ለመክፈል ብቻ በየወሩ ከ383 ኪሎ በላይ፣ ማለትም አራት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው በርበሬ፣ መሸጥ አለበት። ይህን በርበሬ የሚቀነጥሱትና የሚያደርቁት እናቶች ናቸው። ለእነርሱ ቁጥሩ ሲነገር በካሬ ሜትር ሳይሆን በኩንታል ቢነገር ውሳኔው ይቀላል።

ገበያውም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሽሮ በብዛት ይፈለጋል፤ ከፋሲካ በኋላ ይቀዘቅዛል። ኪራይ ግን ጾምና ፍስክ አይለይም። ስለዚህ የቢሮው ስፋት በመካከለኛው ወር ገቢ ይለካ፤ ሥራ ለሚበረታበት ወቅት ተጨማሪ መጋዘን ለጥቂት ወራት መከራየት ይቻላል።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የፕሮጀክት ድጋፍ ነው። ኪራዩ ለሁለት ዓመት ከፕሮጀክት በጀት የሚሸፈን ሲሆን ሰፊ ቤት መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ በሦስተኛው ዓመት ኪራዩ የሚከፈለው ከአባላቱ ቁጠባ ይሆናል። የተዋሱት ምሳር ማለት ይህ ነው። በደብሩ ግቢ በነጻ የሚሰጥ ክፍልም ቢሆን በመንደሩ ዋጋ ተገምቶ በዕቅዱ ላይ በወጪነት ቢያዝ መልካም ነው፤ አለዚያ ማኅበሩ የማያተርፈውን ያተረፈ ይመስለዋል። አስተዳዳሪ ሲለወጥ ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት ሊፈለግ ስለሚችል ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

ይህን ስል ጥበትን እንደ በጎነት ማየቴ አይደለም። ከወጪ የሚብስ ጉዳት ያለው ጥበት አለ። ቁጠባና ብድር በሚሰጥ ማኅበር ውስጥ አንዲት እናት የልጇን ሕክምና ወይም የዘገየ ዕዳዋን ጎረቤቶቿ እየሰሙ እንድትናገር ከተገደደች ዳግመኛ አትመጣም፤ ብድሩም ይበላሻል፣ እርሷም ታፍራለች። ከ34ቱ ካሬ ሜትር አራቱ በኮምፔርሳቶ ተከፍለው በር ቢደረግላቸው ለሊቀ መንበሩ ከሚገዛ ሰፊ ጠረጴዛና ሶፋ እጅግ ይበልጣል። አረጋውያን አባላት ካሉም የአራተኛ ፎቅ ርካሽነት ርካሽነት አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ይቆማል።

ከመፈረም አስቀድሞ ክፍሉ በሜትር ይለካ። በአንዳንድ ሕንፃዎች የኮሪደሩና የደረጃው ድርሻ በኪራዩ ስፋት ላይ ይደመራል፤ 60 ተብሎ የተከራየው ውስጡ 50 ከሆነ፣ 500 ብር የተባለው ካሬ ሜትር በእውነቱ 600 ብር ነው ማለት ነው። የጄኔሬተር፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ በኪራዩ ውስጥ መኖሩ ይጠየቅ። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለቢሮ ተከራይ ስላልወጣ፣ ኪራዩ መቼና በምን ያህል እንደሚጨምር ውሉ ራሱ መናገር አለበት። ለመልቀቅ ስንት ወር አስቀድሞ ማስታወቅ እንደሚገባ፣ ማስያዣው መቼ እንደሚመለስ፣ ከክፍሉ ከፊሉን ለሌላ ማከራየት መፈቀድ አለመፈቀዱም በጽሑፍ ይስፈር። የሚያድግ ማኅበር ከሁሉ አብልጦ ሊደራደርበት የሚገባው አንቀጽ፣ አጠገቡ ያለው ክፍል ሲለቀቅ ቅድሚያ ለእርሱ እንዲሰጥ የሚለው ነው፤ አብዛኛው አከራይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበለዋል፣ ካልተጠየቀ ግን ራሱ አያነሣውም።