ጣት ማሳረፍ ብቻውን ፈቃድ ነውን?

አንዲት እናት በጨፋ ሸለቆ፣ በቦርከና ወንዝ አቅራቢያ ትኖራለች እንበል። አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ ከገበያ ቃላት አያልፋትም። ታማ ከሚሴ ሆስፒታል መጣች፤ ሕመሟ ስለከበደ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ደሴ ተላከች። እዚያም በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ቀረበላት። አብሯት የሄደው ወንድሟ «ፈርሚ ብለውሻል» አላት። እርሷም አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አሳረፈች። ለመሆኑ ይህች እናት ኦፕራሲዮን ለመደረግ ፈቀደች ማለት ይቻላልን?

መልሱን ለማግኘት ሕጉ የሐኪምንና የታካሚን ግንኙነት እንዴት እንደሚያየው እንመልከት። ብዙዎቻችን ሐኪምን የምናየው እንደ ባለውለታ ብቻ ነው፤ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ሕክምናን ከውሎች መካከል መድቦታል። ሐኪሙ የሚገባው ግዴታ የተቻለውን ሁሉ አድርጎ ማከም ነው እንጂ መዳንን ማረጋገጥ አይደለም። በሙያው ደንብ ሲመዘን ጥፋት ከተገኘበት ግን ይጠየቃል። ሆስፒታሉም በአንቀጽ 2651 መሠረት የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት ኃላፊ ነው።

ይኸው ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው በማናቸውም ጊዜ ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ለማለት እንደሚችል ደንግጓል። ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዝ ምርመራና ክትባት፣ እንዲሁም በአሳዳሪ ሥር ያለ ሰው ጉዳይ ለብቻቸው ተለይተዋል። በ2006 ዓ.ም የወጣው ደንብ ቁጥር 299ም ታካሚ ተገልጾለትና ተረድቶ የሚሰጠውን ፈቃድ የሕክምና መነሻ አድርጎ አስፍሯል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የማያውቁትን እምቢ ማለት እንደማይቻል ሁሉ፣ የማያውቁትን እሺ ማለትም አይቻልም።

የሸሪዓ ሊቃውንትም ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ጽፈዋል። ሐኪም በሥራው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ እንዳይጠየቅ ሁለት ነገሮችን ይሻሉ፦ ሙያውን ማወቁንና የታማሚውን ኢዝን ማግኘቱን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በታመሙ ጊዜ በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች፣ እርሳቸው በምልክት እየከለከሉ፣ መድኃኒት በአፋቸው እንዳደረጉላቸው ቡኻሪ ዘግቧል። ሰዎቹ ነገሩን በሽተኛ መድኃኒት እንደሚጠላው አድርገው ወሰዱት። እርሳቸው ግን ሲነቁ ወቀሷቸው። ሰዎቹ ያደረጉት በፍቅር እንደነበር ጥርጥር የለውም። ይሁንና ፍቅር የፈቃድን ቦታ አልተካም።

በእርግጥ ሐኪሞቻችን ብዙ ሕመምተኛ ይጠብቃቸዋል፤ ጊዜ ያጥራቸዋል። ራሱን ስቶ የመጣንና ደሙ እየፈሰሰ ያለን ሰው «ፈቃድህን ስጥ» እያሉ መጠበቅም አይገባም፤ ነፍስ ማዳን ይቀድማል። ነገር ግን ከላይ ያነሳናት እናት አእምሮዋ ሙሉ ነው፤ የጎደላት በቋንቋዋ የሚነግራት ሰው ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞ የብሔረሰብ ዞኑ የሥራ ቋንቋ ነው። ከሸለቆው ለሚመጡ ሕመምተኞች የፈቃዱን ቅጽ በዚሁ ቋንቋ ማዘጋጀትና አስተርጓሚ መመደብ ለሆስፒታሎች የሚከብድ ሥራ ነውን?

እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። አስታማሚ ሆነን ስንሄድ ሐኪሙ የተናገረውን ግማሹን እናስቀራለን። «ትደነግጣለች» ብለን ሕመሟን እንደብቃለን፤ በእርሷ ምትክም እንወስናለን። አካለ መጠን የደረሰችና አእምሮዋ የተሟላ ሴት ስለ ገላዋ የምትወስነው ራሷ ናት፤ ባልም ወንድምም አማካሪ እንጂ ባለቤት አይደለም። አስተርጓሚ የሆነ ሰው የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስ አለበት፤ ይህ አማና ነው።

ስለዚህ ጣት ከማሳረፍ በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ ሕመሙ ምንድን ነው? ምን ሊደረግ ነው? ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል? ሌላ አማራጭ አለ ወይ? ባይደረግስ ምን ይሆናል? ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። ተረድታ የፈቀደች ታማሚ መድኃኒቷን በአግባቡ ትወስዳለች፣ በቀጠሮዋም ትመለሳለች። ሐኪሙም ነገ ክርክር ቢነሳ የሚይዘው ቀለም የነካ ወረቀት ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ፈቃድ ይሆናል።

ወላሁ አዕለም።