መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ባንክ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በገንዘብ ከፋይነት ጀምሬ አሁን የቅርንጫፍ ኃላፊ ነኝ። በሠራተኛ ብድር ቤትም ገዝቻለሁ። ግን በጣም ደክሞኛል። ሌሊት በህልሜ ሳይቀር ብር ስቆጥር አድራለሁ። አንድ ዓመት ከሥራ ወጥቼ፣ ደሴ ወላጆቼ ጋ ሄጄ ማረፍና አባቴን ማስታመም እፈልጋለሁ። እናቴ ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ብላ ተቆጣችኝ። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ድካም ቅብጠት አይደለም። ዕረፍት ይገባሻል፤ አስቀድሞም ሐኪም ይይሽ። የእናትሽ ስጋትም ከንቱ አይደለም፤ መመለሻ እንዳታጪ ፈርታ ነው። ስለዚህ መልቀቂያውን ተዪውና ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ።

የቅርንጫፍ ኃላፊነትሽ አዋጁ የማይመለከተው «የሥራ መሪ» ካላሰኘሽ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 18 መሠረት፣ ሠራተኛ ጠይቆ አሠሪው እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲሰጠው ከሥራ ውሉ የሚመነጩት መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ይታገዳሉ፤ ውሉ ግን አይቋረጥም። ጊዜው ሲያበቃ በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ትቀርቢያለሽ፤ ባንኩም ወደ ሥራሽ ይመልስሻል። ዓመት ሙሉ የመፍቀድ ግዴታ ግን የለበትም። ስለዚህ የባንካችሁን የኅብረት ስምምነት አንብቢና ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ። የምትወጪበትና የምትመለሺበት ቀን፣ የሥራ መደብሽም ጭምር በደብዳቤው ላይ ይስፈር። «ግድ የለም፣ ትመለሻለሽ» ያለሽ አለቃ ነገ ሊዛወር ይችላል። በሰኔ ሂሳብ ሲዘጋ ፋታ ስለማይኖር በሚያዝያ ጠይቂ፤ ባንኩም ተተኪ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ብድርሽ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ የብድሩን ወለድ ወደ ደንበኛ ተመን ከፍ የሚያደርጉ ባንኮች አሉ፤ ያኔ ወርሃዊ ክፍያው ያሻቅባል። በፈቃድ ላይ ሳለሽስ የሠራተኛ ወለዱ ይቀጥላል? ከደመወዝሽ ይቆረጥ የነበረውስ በምን ይከፈላል? የሰው ሀብት ክፍልን ጠይቀሽ መልሱን በወረቀት ያዢ። ደሴ ስትሄጂ ቤቱን ብታከራዪው ብድሩን ያግዝሻል። ከዚያ የዓመቱን የብድር ክፍያ፣ እድር፣ ቀለብና ሕክምና ደምሪ፤ ለክፉ ቀን የሦስት ወር መጠባበቂያ ጨምሪበት። እቁብ ቀድሞ ደርሶሽ ከሆነ ዕዳሽን ሳትጨርሺ አትውጪ። ደመወዝ ከሌለ ያንቺ 7 በመቶም ሆነ የባንኩ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንደማይገባም አስቢበት። ገንዘቡ ለዓመት ካልበቃሽ ስድስት ወር ጠይቂ።

ሌላም ልንገርሽ። ማረፍና ማስታመም አንድ አይደሉም። ማስታመም ሌሊት የሚያስነሳ፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለራስሽ ብቻ አድርጊያቸው፤ ተኚ፣ በእግርሽ ተንሸራሸሪ፣ ስልክሽን ዝጊ። ወንድምና እህት ካለሽም የማስታመሙን ተራ ከወዲሁ ተካፈሉ። አለዚያ ዓመቱ አልቆ ከወጣሽው በባሰ ድካም ትመለሻለሽ።

ባንኩ እምቢ ካለና ጤናሽ ከከፋ፣ አዋጁ የሚመለከትሽ ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ መብትሽ ነው። ይህን ግን የብድርሽን ነገር መላ ሳታበጂለት አታድርጊው። እናትሽን አሁን በክርክር ለማሳመን አትድከሚ። ደብዳቤው ሲፈረም የምትመለሺበትን ቀን አንብቢላት፤ የወጪ ስሌትሽንም አስረጃት። ያኔ ምርቃቷን ይዘሽ ትሄጃለሽ።