ለመርሳ ነጋዴ ስልክ የሚሆን ፍሬምወርክ አመራረጥ

ወልድያና መርሳ ላይ ድረ ገጽ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች ስለ ፍሬምወርክ (ገጽ ስለሚገነባበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ቀድመው የሚጠይቁት «ሪአክት ይሻላል ወይስ ቪው?» ብለው ነው። ከዚህ በፊት ግን ገጹን ማን፣ በምን ስልክና በምን ኔትወርክ እንደሚከፍተው መታወቅ አለበት። አመራረጡን በሁለት የሥራ ምሳሌዎች ላሳይ፦ አንዱ የሐብሩ ወረዳን አትክልትና ፍራፍሬ የዕለት ዋጋ ለመርሳ ነጋዴዎች የሚያሳይ ገጽ፣ ሌላው በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያልፉ እንግዶች አልጋ የሚይዙበት የሆቴል ገጽ።

ደረጃ 1፦ ገጾቹን በወረቀት ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን «የሚነበብ» ወይም «የሚሠራበት» ብላችሁ ጻፉ። ዋጋ፣ አድራሻና ፎቶ ይነበባሉ። አልጋ መያዣው ግን እንግዳው ቀን በቀየረ ቁጥር ክፍት ክፍሎቹንና ሒሳቡን መቀየር ስላለበት የሚሠራበት ነው። ሁሉም የሚነበብ ከሆነ ፍሬምወርክ አያስፈልግም፤ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ለፍለጋ የሚሆን ጥቂት ጃቫስክሪፕት ይበቃል። የመርሳው የዋጋ ገጽ ምርጫ እዚሁ አለቀ።

ደረጃ 2፦ እንደ ሆቴሉ የሚሠራበት ገጽ ካላችሁ የፍሬምወርኮቹን ክብደት መዝኑ። ሪአክት ተጨምቆ እንኳ ከ40 ኪሎባይት በላይ ነው፤ አልፓይን ወደ 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። ስቬልት አብዛኛውን ሥራ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ስለሚጨርስ ወደ ስልኩ የሚልከው ጥቂት ነው። ጉዳዩ የዳታ ወጪ ብቻ አይደለም፤ የወረደውን ጃቫስክሪፕት አንብቦ የሚያስኬደው የጎብኚው አቅሙ ትንሽ የሆነ ስልክ ነው። በእያንዳንዱ ፍሬምወርክ አንድ ትንሽ ቅጽ ሠርታችሁ በክሮም የገንቢዎች መሣሪያ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ አውርዱና ሞክሩ። ከዚያ በርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በበዛበት ሰዓት ክፈቱት። ፊደላችን ከ300 በላይ ምልክቶች ስላሉት ከገጹ ጋር የሚወርድ የአማርኛ ፎንት ከፍሬምወርኩ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ በስልኩ ላይ ያለውን ፎንት ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ የቀን መምረጫውን ከፍሬምወርኩ በፊት ፈትሹ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ተዘጋጅተው የሚገኙት የቀን መምረጫዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለፈረንጆቹ 12 ወር ነው፤ ጳጉሜን አያውቋትም። ጃቫስክሪፕት ግን «ኢንትል» በሚባለው ክፍሉ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ማሳየት ይችላል። ቀኑን በመረጃ ቋቱ ውስጥ በፈረንጅ አስቀምጡ፤ ለአገር ውስጥ እንግዳ በእኛ፣ ከውጭ ለሚመጣው በእነሱ አሳዩ። ለመፈተሽ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካልሰጣችሁ መምረጫውን ጣሉት። ሰዓት ላይም ጥንቃቄ አድርጉ፤ «2 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ አንዱ እንግዳ በእኛ ቆጥሮ ጠዋት፣ ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይቅር።

ደረጃ 4፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን የፍሬምወርኩን ፋይሎች፣ ጥገኛ ጥቅሎቹንና መመሪያውን ሙሉ በሙሉ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሥሩ። ያለ ኢንተርኔት አንድ ገጽ እንኳ መሥራት ካልቻላችሁ ለወልድያ የሚሆን ዝግጅት አልተሟላም። ለጎብኚውም ቢሆን የመጨረሻው ዋጋ ስልኩ ላይ እንዲቀር አድርጉ፤ የተመዘገበበትን ቀን ግን በጉልህ ጻፉ፤ ያለፈ ዋጋ ነጋዴውን ይጎዳዋል።

ደረጃ 5፦ ከእናንተ በኋላ ማን ይጠግነዋል? የጉግል የመጀመሪያው አንጉላር፣ አንጉላርጄኤስ፣ ድጋፉ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው፤ በእሱ የተሠሩ ገጾች ባለቤቶች እንደገና ማሠራት ወይም ያለ ጥገና መቀጠል ነበረባቸው። ስለዚህ የመጨረሻው እትም መቼ እንደወጣ እዩ፤ በአካባቢያችሁ የሚያውቀው ሌላ ሰው መኖሩንም ጠይቁ። አዲስ አበባ ሥራ ለመቀጠር የምታስቡ ከሆነ ሪአክትን መማር ይጠቅማችኋል። ይህ ግን የእናንተ ጉዳይ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤት ለእናንተ ልምምድ መክፈል የለበትም።

ለወልድያው ሆቴል እኔ የምመርጠው ቪውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ፍሬምወርክ በተራ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ሊገባ ስለሚችል አልጋ መያዣው ላይ ብቻ አድርጌ ሌሎቹን ገጾች ያለ ፍሬምወርክ እተዋቸዋለሁ። እናንተም ከወሰናችሁ በኋላ ሥራው ሳያልቅ አትቀይሩ። ስታስረክቡ የፍሬምወርኩን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና ፋይሎቹ የት እንዳሉ በአማርኛ ጽፋችሁ ለባለቤቱ በእጁ ስጡት።